ሉት (ጨዋታው ላይ የተገኘ ምርኮ) እንዴት ይካፈል? የሮጉ ሩቢስ ይቆጠራል ወይ?

ክለሪኳ፦
ሰላም ቤቶች፣ የቅዳሜውን ነገር እዚ ላውጣው በቃ፣ በውስጥ መስመር እየተማማን ከምንቆይ ሰው ሁሉ ይፍረደን። ለማታውቁ፣ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ዲ ኤንድ ዲ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር ሆኖ በዳይስ ሚጫወተው የጀብዱ ጨዋታ) ምንጫወት አምስት ሰዎች ነን፣ ጨዋታውን ሚመራው ዲኤሙ ስድስተኛ፣ ካራክተሮቻችን ሁሉም ሌቭል 5 ናቸው፣ እኔ ክለሪክ (ፈዋሿ ካህን)፣ ሮግ ሌባው፣ ፋይተር ተዋጊው፣ ዊዛርድ አስማተኛዋ፣ ፓላዲን ደሞ ሃይማኖተኛው ተዋጊ። ቅዳሜ ድራጎኑን በስንት መከራ ገደልነው፣ ዋሻው ውስጥ 1400 ጎልድ (የጨዋታው ገንዘብ) እና እሳት ሚነድበት አንድ ሎንግሶርድ፣ ረጅም ሰይፍ፣ ተገኘ። መሀል ላይ ፋይተራችን ሞቶብን ነበር፣ ሪቫይቪፋይ ሚባለውን ስፔል (አስማት) አርጌ አስነሳሁት፣ ስፔሉ ደሞ 300 ጎልድ ሚያወጣ አልማዝ ይበላል፣ አልማዙን በፊት ከራሴ ድርሻ ነው የገዛሁት። እና ልንካፈል ስንል ሮጋችን ማኪያቶ ሊያዝ ተነሳ፣ ሺቱን (የካራክተሩን ወረቀት) ገልብጦ እንኳን አልሄደም፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ "ሩቢ 500" ብሎ ጽፎ ከስሩ ሁለቴ አስምሮበታል። ለካ እኛ ከድራጎኑ ጋ ስንተናነቅ እሱ ከኋላ ገብቶ አንስቶ ለዲኤም በቴሌግራም በግል ጽፎለታል!! እኔ ምለው ሩቢው ወደ ጋራው ይግባ፣ አልማዜ ከክፍፍሉ በፊት ይነሳልኝ፣ ሰይፉን ከዛ እንነጋገርበታለን። ምን ትላላችሁ

ሮጉ፦
በመጀመሪያ ደረጃ የሰው ሺት ማየት ራሱ ሌብነት ነው ሃሃሃ። ሲቀጥል እኔ ምጫወተው ሌባ ነው፣ ሩቢ አይቶ ሚያልፍ ሌባ ካለ እሱ ሌባ ሳይሆን መነኩሴ ነው። ስቴልዝ (ሳይታዩ ለመሹለክ ሚጣል ዳይስ) 24 አውጥቼ ነው የገባሁት፣ 7 ቢወጣልኝ ኖሮ ድራጎኑ ዞሮ ብቻዬን ነበር ሚጠብሰኝ፣ ያኔ ጥብሱን አምስት ቦታ እንካፈል ሚል አልነበረም። ሪስኩ የኔ፣ ሩቢውም የኔ።

ፋይተሩ፦
ወንድሜ ድራጎኑ ያልዞረው እኮ እኔን እየበላ ስለነበረ ነው

ዊዛርዷ፦
ሃሃሃሃ አለቀ በቃ
ቆይ ግን ሂሳቡን ልስራላችሁ ምክንያቱም ሁላችሁም በስሜት ነው ምታወሩት። ሮግ እንዳለው ከሄድን 1400 ለአምስት፣ ለያንዳንዱ 280፣ ሮግ ላይ ሩቢውን ስትደምሩ 780። ክለሪኳ 280 አገኘች ግን 300 አውጥታለች፣ ማለትም ልጅቷ ሰው ከሞት አስነስታ 20 ጎልድ ኪሳራ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ሩቢው ገብቶ አልማዙ ተነስቶ ከሆነ ደሞ 1900 ሲቀነስ 300፣ 1600 ለአምስት፣ 320 320 ይደርሰናል። ማለትም ከሮግ በስተቀር ሁሉም ይሻለዋል፣ እሱም ቢሆን ባዶ እጁን አይሄድም።

ሮጉ፦
ከሮግ በስተቀር ምትለዋን ነገር በጣም ቀለል አርገሽ ነው ያለፍሻት እህቴ

ዝምታ ወርቅ ነው፦
ብዙ ጊዜ አልጽፍም ግን ይሄ ነገር ድሮ መልስ ያገኘ ነው። በፈረንጅ 1720 አካባቢ የባርቶሎሚው ሮበርትስ የባህር ወንበዴዎች የጽሁፍ ውል ነበራቸው፣ ካፒቴኑና ኳርተርማስተሩ ሁለት ሁለት ድርሻ፣ መድፈኛው አንድ ተኩል፣ ተራው አንድ። እጅ ወይ እግሩን ያጣ ሰው ከጋራው ካዝና 800 ዶላር ይነሳለታል። ከጋራው ንብረት የአንድ ዶላር እንኳን ያጭበረበረ ደሞ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ አውርደውት ይሄዳሉ። እንግዲ እነዚህ ሌቦች ናቸው፣ ሙያቸው ነው፣ እርስ በርስ ግን አይሰራረቁም ነበር፣ ቢያንስ በወረቀት። ስለዚ ሮግ "ካራክተሬ ሌባ ነው" ምትለዋ አታስኬድህም፣ የሌላውን ትሰርቃለህ እንጂ ከኋላህ ቆሞ ሚያድንህን ትሰርቃለህ እንዴ

ሮጉ፦
መድፈኛው አንድ ተኩል ምትለዋን ወድጃታለሁ ግን። እመለስባታለሁ

ፓላዲን፦
ይቅርታ አሁን ነው ያየሁት፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ አልነበርኩም ግን ካራክተሬ ነበር አይደል፣ ድርሻዬ አለ አይደል??

ሮጉ፦
አሃ። ይሄንንም አንሱት እስቲ፣ ያልመጣ ሰው 320 ያገኛል፣ ሾልኮ የገባ ሰው 320 ያገኛል። ፍትህ ይሄ ነው?

ዊዛርዷ፦
እሱን እኔ ነኝ ያጫወትኩት፣ ከኔ ዊዛርድ ጋ ደርቤ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሺት ዘርግቼ የቱ ዳይስ የማን እንደሆነ እየጠፋኝ። ፓላዲኑ ሁለት ራውንድ ሙሉ ድራጎኑን ይዞ ቆሟል፣ ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር። ካራክተሩ ደሙን ካፈሰሰ ካራክተሩ ይካፈላል፣ ሰውየው ቢሮ ይዋል መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቁም ለድራጎኑ ምኑም አይደል።

የፒያሳ ልጅ፦
በድሮዎቹ ሩሎች ቅጥር ተከታዮች ኤክስፒ (ሌቭል ሚያሳድገውን ነጥብ) በግማሽ ነው ሚያገኙት፣ ፓላዲንን እንደ ቅጥር ቁጠሩት ሃሃ
ቀልዱን ትተን ግን፣ ለጎልድ እንዲ መጣላት ትርጉም የነበረው ድሮ ነው። ጨዋታው በፈረንጅ 1974 ሲወጣና ከዛም ብዙ ዓመት ከጉድጓድ ይዛችሁ የወጣችሁት እያንዳንዱ ጎልድ አንድ ኤክስፒ ነበር፣ ጎልድ ማለት ሌቭል ማለት ነው፣ ሩቢ የደበቀ ሰው የጓደኛውን ሌቭል ነው የደበቀው። በ1981ዱ ቤዚክ በሚባለው ሩል ደሞ ቲፍ (ሌባው) ሌቭል 2 ለመግባት 1200 ኤክስፒ ይበቃዋል፣ ፋይተር 2000፣ አስማተኛው 2500 ይፈልጋል፣ ስለዚ እኩል ተካፍላችሁም ሌባው ነበር ቀድሞ ሚያድገው። አሁን ምትጫወቱት አምስተኛው ኤዲሽን ላይ ጎልድ ለኤክስፒ አይቆጠርም። ምን ልትገዙበት ነው እንዲ ምትባሉት?

ፋይተሩ፦
ፕሌት አርመር፣ ሙሉ የብረት ጥሩር። 1500 ጎልድ። እስካሁን በቼይን ሜይል ነኝ፣ ኤሲዬ (ምት እንዳያገኘኝ ሚከላከልልኝ ቁጥር) 16 ነው፣ ፕሌት ቢኖረኝ 18 ይሆን ነበር፣ የገደለችኝ ምት ደሞ ልክ 17 ነበረች። አንድ ቁጥር!! ሁሌ ፊት ምቆመው እኔ ነኝ፣ እናንተ ከኋላዬ ሆናችሁ ፋየርቦል ምናምን ትላላችሁ፣ ከዛ ሉት ሲመጣ እኩል እንካፈል። እኔ እንደውም ገንዘቡ ባይከፈልና ሁሉም ተጠራቅሞ ለፓርቲው ሚጠቅም ነገር ቢገዛበት ነው ምለው።

ዊዛርዷ፦
"ለፓርቲው ሚጠቅም ነገር" ማለት ያንተ ጥሩር ነው አይደል። እኔ አንድ ሌቭል 3 ስፔል መጽሐፌ ላይ ለመገልበጥ 150 ጎልድ አወጣለሁ፣ ለያንዳንዱ የስፔሉ ሌቭል 50 ነው፣ ያ ፋየርቦል ምትለው ነገር ከሰማይ አልወረደም እኮ

የካዛንቺሱ ዲኤም፦
እኛ ጋ ይሄ ጸብ የቆመው በቅርጫ ነው። የምሬን ነው። ሁላችሁም በዓል ላይ አይታችኋል፣ በሬው ታርዶ መደብ ሲመደብ እያንዳንዱ መደብ ላይ ከሽንጡም ከታናሹም ከጉበቱም ከጨጓራውም ትንሽ ትንሽ ይገባል፣ መዳቢው የቱ መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም ስለዚ ሳይወድ በግዱ እኩል ያረጋል፣ ከዛ ሁሉም የራሱን ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ ጠጠር አንዱ ቁልፍ አንዱ ስንጥር፣ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው መደቦቹ ላይ ይጥላል፣ አለቀ። እኛም ጎልዱን፣ ድንጋዮቹን፣ ፖሽኑን (አንድ የሂሊንግ ፖሽን 50 ጎልድ ሂሳብ ነው) በተጫዋቾቹ ቁጥር እንመድባለን፣ ከዛ ሁላችንም አንድ አንድ ዳይስ አውጥተን ለአስተናጋጇ እንሰጣለን። መጀመሪያ ምን ጉድ ናችሁ ብላን ነበር፣ አሁን ራሷ "ዛሬ ዕጣ የለም?" ትለናለች። ዋናው ነገር ግን ዕጣው አይደለም፣ ከመመደቡ በፊት ያለው ነገር ነው። የጋራ ወጪ መጀመሪያ ይነሳል። ቅርጫ ላይ የአራጁን ሳትከፍል ስጋ ትካፈላለህ? አልማዙ ያው ነው። እና ሁሉም ነገር ሰሌኑ ላይ ይውጣ፣ አንድ ሰው ጉበቷን ቀድሞ ፌስታል ውስጥ ከቶ "አይ እኔ ነኝ ቢላ የያዝኩት" ካለ ጎረቤት አይኮንም።

ሮጉ፦
ጎረቤቴ አይደላችሁም እኮ፣ ቅጥረኛ ጀብደኞች ነን

ዊዛርዷ፦
ካዛንቺስ በጣም ነው የተመቸኝ ግን ቅርጫ ላይ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይበላል። ዕጣው ወጥቶ ሎንግሶርዱ ለኔ ቢደርስ ምን ላርግበት፣ ሽንኩርት ልክተፍበት?

የካዛንቺሱ ዲኤም፦
ማጂክ አይተም (እንደ ሰይፉ ያለ አስማት ያለበት ዕቃ) መደብ ውስጥ አይገባም። ሚችሉበት ሰዎች ብቻ ይነጋገሩበታል፣ የወሰደው ሰው ቀጣዩ ላይ ወረፋ መጨረሻ ይሄዳል። አንድ ሰው አቱን ማረግ (አስማቱ እንዲሰራለት ከራሱ ጋ ማስተሳሰር) ሚችለው ሦስት አይተም ብቻ ስለሆነ ስግብግቡም ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል

ፓላዲን፦
ሰይፉ ላይ እንግዲ እኔና ፋይተር ነን። እኔ ሁለት አይተም አለኝ፣ አንድ ቦታ ይቀረኛል። እሳት ሚነድበት ሰይፍ ደሞ ለማን ያምራል ለፓላዲን ነው እንጂ፣ አስቡት እስቲ

የፒያሳ ልጅ፦
በፈረንጅ 1978ቱ ሩል ፓላዲን ከአስር በላይ ማጂክ አይተም መያዝ አይችልም ነበር፣ ካገኘው ደሞ አስራት ያወጣል። አስራትህን አውጥተህ ታውቃለህ ወይ ሃሃሃ

ፋይተሩ፦
እኔ ዜሮ አይተም ነው ያለኝ። ዜሮ። ሰይፉ በያንዳንዱ ምት ሁለት ባለ ስድስት ዳይስ ይጨምራል፣ በአማካይ 7። ሁለታችንም በተራችን ሁለት ሁለቴ እንመታለን፣ እኔ ግን አክሽን ሰርጅ (በአንድ ተራ ተጨማሪ አክሽን) ሳረግ አራቴ ነኝ፣ ሁሉም ካረፈ 28 ተጨማሪ ዳሜጅ ነው። አንተ ስማይት (የፓላዲን ተጨማሪ ዳሜጅ) አለህ፣ ሳትጠይቅ ከላይ ይወርድልሃል። ማማር ምናምን ትተን ለፓርቲው ማን ጋ ሲሆን ነው ሚጠቅመው?

ፓላዲን፦
አክሽን ሰርጅ አርፈህ እስክትነሳ አንዴ ነው እኮ፣ ሁሌ እንደምታረገው አታውራ

ዲኤም፦
ስሜ ሲነሳ ዝም ብል ጥፋት ይመስላል። መጽሐፉ ሉት እንዲ ተካፈሉ ብሎ አያስገድድም፣ የቴብሉ ስምምነት ነው፣ ሮግ በግል ሲጽፍልኝ የተቀበልኩትም ለዛ ነው፣ ድሮም ወረቀት አጥፎ ለዲኤም ማቀበል የነበረ ነው። ካልተስማማችሁ ደሞ ቀላል ነው፣ ሩቢው እርግማን አለበት ልበልና ቅዳሜ የሮግ እጅ ይድረቅ፣ በጨዋታው ውስጥ ይፈታ

ክለሪኳ፦
ጋሼ በጣም ነው ማከብርህ ግን ይሄ ነው ከሁሉም ያናደደኝ። እኛ የተናደድነው ሰዎቹ ነን፣ እጁ ሚደርቀው ግን ካራክተሩ፣ ምን ይፈታል? ከዛ እርግማኑን ሪሙቭ ከርስ አርጊልኝ ብሎ ሚመጣው እኔ ጋ ነው፣ የኔ ስፔል ስሎት (የአስማት ኮታዬ) ይበላል፣ እንደገና እኔ!! ደሞ በግል ስትቀበለው ሚስጥሩን የጠበቅከው ለአንድ ሰው ነው፣ አራታችን ዲኤም ሁሉንም እኩል ነው ሚያየው ብለን ነው ምንቀመጠው። ሌላ ጊዜ ሰው በግል ሲጽፍልህ "ይሄን ቴብሉ ላይ በለው" በለው። ሰርቆም ቢሆን ይስረቅ፣ እያየን ይስረቅ፣ ፓላዲን ፐርሴፕሽን (አይቶ ለመንቃት ሚጣል ዳይስ) ይጣል፣ ያ ጨዋታ ነው። ይሄ ግን ጨዋታ አይደለም።

ዲኤም፦
እሺ። የግል መልእክቱ ላይ ልክ ናት። እርግማኑን አንስቻለሁ፣ ሩቢው ሩቢ ነው

ዝምታ ወርቅ ነው፦
ፋይተር ራሱ አልማዙን ለምን አይከፍልም ግን? የተነሳው እሱ ነው

ፋይተሩ፦
እከፍላለሁ ችግር የለም። ቀጣዩ ድራጎን ላይ ግን ከዊዛርድ ኋላ ነው ምቆመው

ዊዛርዷ፦
ኧረ ከጋራው ይከፈል ከጋራው ይከፈል

ሮጉ፦
እሺ ስሙኝ፣ ሩቢውን አስገባለሁ፣ ግን በነጻ አይደለም። የወንበዴዎቹን ውል ራሳችሁ ናችሁ ያመጣችሁት፣ ብቻውን ቀድሞ ሚገባ ሰው አንድ ተኩል ድርሻ ያግኝ። 1600 ለአምስት ተኩል ሲካፈል ለናንተ 290 ምናምን፣ ለኔ 436። እኔ ብቻ ካተረፍኩበት ከ280ው ይሻላችኋል፣ እኔም ሌቦ ሌቦ አልባልም።

ፋይተሩ፦
ብቻውን ፊት ሚቆምስ? እኔም አንድ ተኩል

ፓላዲን፦
እንደዛ ከሆነ እኔም ሁለት ራውንድ ይዣለሁ

ክለሪኳ፦
አያችሁ? ሁላችንም አንድ ተኩል ስንሆን ያው እኩል ነው። ሮግ ብቻህን ስለገባህ ተጨማሪ ምትፈልግ ከሆነ ከመግባትህ በፊት ተናገር፣ ሾልኬ ልገባ ነው ምን ትሰጡኛላችሁ በል፣ ያኔ እንስማማለን፣ ምናልባት አንድ ተኩል እንሰጥህ ነበር። ከሆነ በኋላ ዋጋ አይወጣም። የቅዳሜው 320 320 ነው። ሰይፉን ፋይተር ይውሰድ፣ ዜሮ አይተም ይዞ ፊት መቆሙ ያሳዝነኛል፣ ፓላዲን ቀጣዩን ማንም ሳይነካው ቀድሞ ይመርጣል፣ ይሄንን እዚ ጽፌዋለሁ ማንም እንዳይክድ። ከአሁን በኋላ ደሞ ከየሉቱ አንድ ድርሻ ለካዝና፣ መጀመሪያ ሚገዛው አልማዝ ነው። ካልሆነ ቀጣዩ የሞተ እዛው ይቅር፣ ጸሎት አረጋለሁ።

ፓላዲን፦
ቀጣዩ መጥረቢያ ሆኖ ቢመጣ ግን አልቆጥረውም ብያለሁ

ዊዛርዷ፦
ተስማምቻለሁ

ፋይተሩ፦
ተስማምቻለሁ፣ ፓላዲን ቅዳሜ ማኪያቶ በኔ ነው

ሮጉ፦
እሺ በቃ አስገብቻለሁ፣ ከሺቴ ላይ አጥፍቼዋለሁ፣ ፎቶ ልላክ? ግን አንድ ጥያቄ፣ ካዝናውን ማነው ሚይዘው

ፋይተሩ፦
አንተ አይደለህም