የድሮ ካንትሪ ላይ የሚያለቅሰው ጊታር እንዴት ነው የሚመታው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ — ሹፌሩ ጊታሪስት

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ናሽቪል ነው፣ ታክሲ እነዳለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የድሮ ካንትሪ (የአሜሪካኖቹ የገጠር ዘፈን) የሚያጫውት ሬዲዮ ሱስ ሆኖብኛል። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከዘፋኙ ኋላ የሚያለቅስ ጊታር አለ። ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) እንደቆመ ከመሀሉ አንድ ድምፅ ብቻ ተነጥሎ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ጣቴ ላይ የብረት ቱቦ አጥልቄ ሞከርኩ፤ ሁሉም ክር አብሮ ይሄዳል። እንዴት ነው የሚያደርጉት? በተራ ጊታር ማስመሰል ይቻላል? የማዳምጣቸውን ቅጂዎችም ጠቁሙኝ። ከድሮው ዘፋኝ ከሃንክ ዊልያምስ ልጀምር አስቤያለሁ።

መልስ — ባለ አሥር ክር

ወንድሜ፣ አንተ በእጅህ የምትፈልገውን እነሱ በእግራቸው ነው የሚሠሩት። መሣሪያው ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ ይቆማል፣ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። በግራ እጁ ከበድ ያለ ድቡልቡል ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ላይ ፒክ (ክር መምቻ) አድርጎ ይመታል። ግራ እግሩ ፔዳሎቹ ላይ ነው፣ ቀኝ እግሩ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቮልዩም ፔዳል ላይ። ጉልበቶቹም ሥራ አላቸው፤ ግራና ቀኝ የሚገፏቸው ማንሻዎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ከሥር ያለው ዘንግ የተወሰኑ ክሮችን ብቻ ይወጥራል። የቀሩት ባሉበት ይቆያሉ።

ለካንትሪ የተለመደው ቅኝት ኢ ናይን ነው፣ 10 ክር አለው። ከነዚህ የ3ኛው ክር ድምፅ ጂ ሻርፕ፣ የ4ኛው ኢ፣ የ5ኛው ቢ ነው። ሦስቱን አብረህ ምታ፣ ኢ ሜጀር የሚባለው ኮርድ ነው። አንደኛውን ፔዳል ስትረግጥ ቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል። ሁለተኛውን ስትረግጥ ጂ ሻርፕ ወደ ኤ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትረግጥ ኤ ሜጀር ሆነልህ፣ ብረቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ኢ ጭራሽ አልተነካም። አንዱ ድምፅ ቆሞ ሌላው እየሳበ ሲያልፈው ነው ያ ልቅሶ የሚመጣው።

በጂ ቁልፍ አስበው። 3ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው 3ኛ መስመር) ላይ ፔዳል ሳትረግጥ ጂ ነው። እዚያው ሁለቱን ፔዳል ስትረግጥ ሲ ይሆናል። እግርህን ሳታነሳ ብረቱን ወደ 5ኛ ፍሬት ግፋው፣ ዲ ነው። በነዚህ ሦስት ኮርዶች የሚሄድ ሙሉ ዘፈን በሁለት ቦታ አለቀ ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ፍሬት ምልክት ብቻ ነው። ብረቱ መስመሩ ላይ ልክ ካልሆነ ቅኝቱ ይወላገዳል። ጆሮህ ነው ዳኛው።

መልስ — ካሴት ሰብሳቢ

ሃንክ ዊልያምስን በደንብ ስማው፣ ግን ይሄን ድምፅ እዚያ አታገኘውም። ሃንክ የሞተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1953 ነው። አብሮት ይጫወት የነበረው የዶን ሄልምስ ስቲል ጊታር ደግሞ ፔዳል አልነበረውም። ድምፁ ስለታም ነው፣ ሁሉም ነገር በብረቱ መንሸራተት ይሠራል። አንተ በቱቦ ያገኘኸው የዚያ ዘመድ ነው።

ለውጡ የመጣው በ1954 ነው። የዘፋኙን የዌብ ፒርስን «ስሎውሊ» ፈልግ። ስቲሉን የሚጫወተው በድ አይዛክስ ይባላል። ፔዳል ያለው ስቲል ከሱ በፊትም ነበር፣ ግን አብዛኛው ሰው ቅኝት ለመቀየር ብቻ ነበር የሚረግጠው። አይዛክስ ክሩ እየጮኸ ሳለ ረገጠ፣ ድምፁም ጆሮ ፊት ተቀየረ። ከዚያ በኋላ በየባንዱ ያለ ስቲል ተጫዋች ይሄን ካላደረግሁ ብሎ ተነሳ። በኋላ በዲ ኤመንስ የሚባል ሌላ ስቲል ተጫዋች የአይዛክስን አንድ ፔዳል ለሁለት ከፈለው፤ ሁለቱን ክሮች ለየብቻ ማንቀሳቀስ የተቻለው በዚህ ነው።

ሦስት ሰው ብቻ ልጥቀስልህ። ቶም ብረምሊ፣ በ1964 ከዘፋኙ ከበክ ኦወንስ ጋር «ቱጌዘር አጌን» ላይ ያለው ሶሎ። አጭር ነው፣ አንድም ትርፍ ድምፅ የለውም። ለኔ ከዚያ የሚበልጥ የስቲል ሶሎ የለም፣ የሚከራከረኝ ይምጣ። ፒት ድሬክ፣ 1968፣ የታሚ ዋይኔት «ስታንድ ባይ ዩር ማን»። እዚያ ስቲሉ ዘፋኟ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ጠብቆ ነው የሚገባው፤ እንደኛ ማሲንቆ ተጫዋች ግጥሙን አስጨርሶ ይመልስላታል። ከነዚህ ለየት ያለውን ከፈለግህ ራልፍ ሙኒ አለልህ። የካሊፎርኒያ ሰው ነው፣ ሾል ያለና የሚፈናጠር ድምፅ አለው። ከዘፋኞቹ ከመርል ሃጋርድም ከዌይለን ጄኒንግስም ጋር ተጫውቷል።

መልስ — ቴሌካስተር

በተራ ጊታር ይቻላል፣ ሙሉውን ባይሆንም። ይሄን ሞክር፦ 1ኛ ክር 5ኛ ፍሬት በትንሿ ጣት፣ 2ኛ ክር 5ኛ ፍሬት በቀለበት ጣት፣ 3ኛ ክር 4ኛ ፍሬት በመሀል ጣት ያዝ። ሦስቱንም ምታና 3ኛውን ክር ብቻ በጣትህ ገፍተህ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገው፣ ቤንድ የሚባለው ይሄ ነው። ቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል፣ ኤ ሜጀር ላይ ያርፋል። ሌሎቹ ሁለት ጣቶችህ ከተንቀሳቀሱ አልሆነም። ጠቋሚ ጣትህን ከመሀል ጣትህ ጀርባ አስደግፍ። ቀጭን ክር ግጠም። አኮስቲክ ጊታር ላይ 3ኛው ክር የተጠቀለለ ከሆነ ጣትህን አታድክም።

ቤንዱን ቀስ ብለህ ጀምርና መድረሻው ላይ ቁም። ደርሶ መንቀጥቀጥ የብሉዝ ነው። ክላረንስ ዋይትና ጂን ፓርሰንስ የተባሉ ሙዚቀኞች ለዚሁ ብለው ቴሌካስተር በሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ውስጥ የሚገባ ማንሻ ሠርተዋል፤ የጊታሩን ማንጠልጠያ ስትጎትተው 2ኛውን ክር አንድ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ቮልዩም ፔዳልም ጨምርበት። ፔዳሉን ዘግተህ ክሩን ምታ፣ ከዚያ ፔዳሉን ክፈተው።

መልስ — ባለ አሥር ክር

ቴሌ፣ በመጨረሻዋ አልስማማም። ሁሉም ጊታሪስት እንደዚያ ሲያደርግ እንደ ኦርጋን ይሆንበታል። ስቲል ተጫዋች ቮልዩም ፔዳሉን ገና ከመነሻው ግማሽ ገደማ ከፍቶ ነው የሚመታው። ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ቀስ እያለ ይጨምርለታል። የአመታቱ ጫፍ መሰማት አለበት።

ሹፌሩ ጊታሪስት

ቤንዱ ሠራ! ጣቴ ተቃጠለ እንጂ ድምፁን አገኘሁት። አሁን ዋናውን መሣሪያ ልግዛ የሚል ነገር መጣብኝ። ያገለገለ ሳይ ምን ልጠይቅ?

መልስ — የብሮድዌዩ

እኔም ናሽቪል ነኝ። ሳትገዛ በፊት ብሮድዌይ መንገድ ላይ ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ የሚባለው ሙዚቃ ቤት ግባ። የድሮ ካንትሪ የሚጫወቱ ባንዶች አሉ። ያ ቤት ራሱ በፊት የሾ በድ ስቲል ጊታር ሱቅ ነበር፤ ሾት ጃክሰንና በዲ ኤመንስ የመሠረቱት ድርጅት ነው። ወደ መድረኩ ተጠጋና የስቲል ተጫዋቹን እጅ ትተህ እግሩንና ጉልበቱን እይ።

ስትገዛ ቢያንስ 3 ፔዳልና 4 የጉልበት ማንሻ ይኑረው። ማንሻ አንድ ብቻ ያለው የጀማሪ ዕቃ በርካሽ ይገኛል። እሱን ተወው፣ ከትምህርቱ ግማሹን አትሠራበትም። በመቃኛ እየለካህ እያንዳንዱን ፔዳል ረግጠህ ልቀቅ። ክሩ በለቀቅህ ቁጥር ወደነበረበት ድምፅ ካልተመለሰ መካኒኩ ጥገና ይፈልጋል። ዘንጎቹንና እግሮቹን ቁጠር፣ ሻንጣው አብሮ ይምጣ። ዕቃው ከባድ ስለሆነ መኪናህን ይዘህ ሂድ።

ሹፌሩ ጊታሪስት

ቅዳሜ ማታ ሥራ አለኝ፣ እሁድ እሄዳለሁ።

መልስ — የብሮድዌዩ

እሁድ እኔም ነፃ ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።