«የተበላሸ አጠራር» ምን ማለት ነው?

የሕርማታ ልጅ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ አንድ እንግዳ «ሃንዶዴ የእንዶድ የተበላሸ አጠራር ነው» አለ። ሃንዶዴ እንዶድ በኦሮምኛ የሚጠራበት ስም ነው፤ እናቴ እዚህ ጅማ ዕድሜዋን ሙሉ ነጠላዋን ያጠበችው በሃንዶዴ ነው። ምኑ ነው የተበላሸው?

ቅመም ሻጯ፦ እኔንም አንገብግቦኛል ልጄ። ሐሙስ ገበያ አንዱ «ኮሶ» ብሎ ይጠይቀኛል፣ አንዷ «ሄጦ» ትለኛለች፤ የምሰፍርላቸው ያንኑ ቀይ አበባ ነው። ብሳናም በካኒሳ ይባላል። ማን ማንን አበላሸ?

የግዕዝ መምህር፦ እንግዳው ያነሣው እንዶድን ብቻ ነው፤ ኮሶና ብሳና ምን አገባቸው? ግዕዝን ማጥላላት ልማድ ሆኗል። ዕጣን «ዐጠነ» ከሚለው ግስ መውጣቱን ትክዳላችሁ?

የሕርማታ ልጅ፦ ማን ካደ? የያዝኩት «የተበላሸ» የሚለውን ቃል ነው። ሁለት ስሞች ስለተመሳሰሉ የትኛው ከየትኛው እንደተወሰደ በጆሮ አይፈረድም። ቢወሰድስ? ከርቤን ዓረቡ «ሙር»፣ ዕብራዊው «ሞር» ይለዋል፤ የእኛ «መራራ» ዘመድ ነው። ግሪኮች ከሴማውያን ወስደው «ሚራ» አሉት። ይህ ብልሽት ነው ሲባል ሰምተው ያውቃሉ፣ መምህር?

የግዕዝ መምህር፦ ከርቤ ራሱ የግዕዝ ቃል ነው። እሱን ለምን ዘለልከው?

የሕርማታ ልጅ፦ አልዘለልኩትም። አያቴ ደግሞ «ቁምቢ» ትለዋለች። እሱስ የምን ብልሽት ነው?

የፋርማሲ ተማሪ፦ እናንተ በዚህ ስትጣሉ የኮሶ ሳይንሳዊ ስም «ሀጌኒያ» የተባለው በጀርመናዊው ሊቅ በሀገን ስም ነው። ኮሶም ሄጦም አልገቡበትም፤ መቆጨት ለዚህ ነበር። በእንዶድ ግን እንኮራለን፦ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ብልሃርዝያ መከላከያ እንደሚሆን ተረዱ። ከእንዶድ የወጣው ንጥረ ነገር «ለማቶክሲን» የተባለው በእሳቸው ስም ነው።

ቅመም ሻጯ፦ ልብስ አጣቢዎቹስ? እንዶዱን ለቅመው፣ ወቅጠው ወንዝ ያወረዱት እነሱ ናቸው። በእነሱ ስም ምን ተባለ?

የፋርማሲ ተማሪ፦ እትዬ፣ ሴቶቹ የሚያውቁት ሳሙናነቱን ነው። ቀንድ አውጣውን ገድሎ በሽታውን ሊከላከል እንደሚችል የተረዱት ተመራማሪው ናቸው።

ቅመም ሻጯ፦ ሳሙናነቱን ማወቅ ትንሽ ነገር ነው? ሴቶቹ ባያጥቡበት ኖሮ ምን ያዩ ነበር?

የግዕዝ መምህር፦ ከጉዳዩ ወጣችሁ። ወደ ስሙ እንመለስ።

የሕርማታ ልጅ፦ «የተበላሸ» የሚለው ቃል ሳይነሣ ወደየትኛው ስም ነው የምንመለሰው?