«በጥናት የተረጋገጠ» የተባለ የስኳር መድኃኒት ማስታወቂያ እንዴት ይመዘናል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ስላለባት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ሰሞኑን ዘመድ በቴሌግራም በላከላት ቪዲዮ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ስኳርን «ከሥሩ እንደሚነቅል»፣ ይህም በአገራችን ተመራማሪዎች እንደተረጋገጠ ይናገራል። ምግብ የበላች ሴት ጣቷ ተወግቶ ሲለካ 240 የነበረው ስኳሯ፣ ዱቄቱን በሻይ ከጠጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ 150 ሆኖ ይታያል። እናቴ ክኒኑን ላቁም እያለች ነው። ጥናቱ እውነት ከሆነ ምን ብዬ ልመልስላት?

ፋርማሲስት፦
ጥናት መኖሩስ እውነት ነው። ሆኖም በሽፈራው ላይ በአገራችን ከተሠሩትና ስኳር መቀነሱን ካሳዩት ጥናቶች አብዛኞቹ የተካሄዱት በአይጦች ላይ ነው፤ ይህ በሰው ላይ ለመመርመር በቂ ምክንያት ሲሆን፣ የታማሚን ክኒን ለማስቆም ግን አይበቃም። የቪዲዮው ልኬት ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፦ ከምግብ በኋላ ከፍ ያለ ስኳር ሰዓታት ሲያልፉ ዱቄቱ ተጠጣም አልተጠጣም አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፣ ሴትዮዋም ጠዋት ክኒኗን ውጣ እንደሆነ አልተነገረም። ሕክምና መሥራቱ በደንብ የሚታወቀው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር አማካይ በሚያሳየው የኤዋንሲ (HbA1c) የደም ምርመራ ነው። ቅጠል ስለሆነ መናቄ አይደለም፤ ሜትፎርሚንም ቢሆን መነሻው ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው፣ ነገር ግን በሰው ላይ ያሳየው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1957 ከታተመ ወዲህ መጠኑ፣ ጉዳቱና ለማን እንደማይሰጥ ለአሥርት ዓመታት ተጠንቷል።

የኮንሶ ልጅ፦
እኛ ዘንድ ሽፈራው እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሚቀቀል ምግባችን) ጋር የሚበላ የዘወትር ምግብ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎረቤቶቻችንም ክኒናቸውን እየዋጡ ይበሉታል። እኔ ከጥናቱ በፊት የማየው ከቪዲዮው ግርጌ የማዘዣ ስልክ ቁጥር መኖሩን ነው፤ የሚመሰክረውና የሚሸጠው አንድ ሰው ሲሆን፣ በተለይም ያው ዱቄት ለደም ግፊትም ለጨጓራም ለመካንነትም ፍቱን ነው ሲባል፣ ቀሪውን ለማዳመጥ አልደክምም። እናትዎን ግን ቅጠሉን አይንኩ ብለው አይከልክሏቸው፤ እልህ ውስጥ ይገባሉ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ከክኒኑ ጋር ደርባ ብትወስደውስ?

ፋርማሲስት፦
በምግብነት መጠን ከሆነ አያሳስበኝም። ዱቄቱን በየቀኑ እንደ መድኃኒት የሚወስዱት ከሆነ ግን ሐኪማቸው ማወቅ አለበት። በተለይ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ከተጨመረላቸው ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ድንገት ላብ ካጠመቃቸውና ከተንቀጠቀጡ ቶሎ ይለኩ፣ መለኪያ በአጠገብዎ ከሌለ ደግሞ ሳይዘገዩ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይስጧቸው።