ክርክር፦ አባት «ለልጆቼ አትንገሩ» ቢል፣ ሐኪሙ ዝም ይበል?

አወያይ፦ ነገሩ የእንግሊዝ ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ሰው በ2007 ሚስቱን ገደለና በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ወደ ሕክምና ተቋም ተላከ። በ2009 ሀንቲንግተን የተባለው የአንጎል በሽታ እንዳለበት ተረጋገጠ። በሽታው ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ልጁ ነፍሰ ጡር ነበረች። አባትየው «ፅንሱን ታስወርዳለች፣ ራሷንም ልታጠፋ ትችላለች» ብሎ እንዳይነገራት ከለከለ፤ ሐኪሞቹም ዝም አሉ። ከወለደች በኋላ፣ በ2010፣ አንድ ሐኪም ሳያስበው ነገሩ ከአፉ አመለጠው። ኋላ ስትመረመር እርሷም አለባት። ከሰሰች። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?

ነርሷ፦ እነግራታለሁ። ደሙ የተቀዳው ከእርሱ ቢሆንም ውጤቱ የእርሷም ነው።

የሕግ ሰው፦ በ2020 ዳኛዋ ሁለቱንም ወገን በከፊል አስደስታለች። ልጅቷ በዚያው ተቋም በቤተሰብ የምክር ሕክምና ትሳተፍ ስለነበር ሐኪሞቹ የእርሷን ጥቅም ከአባቷ ምስጢር ጋር የማመዛዘን ግዴታ ነበረባቸው አለች። ነገር ግን አመዛዝነዋል ብላ ክሱን ውድቅ አደረገች።

ጋሽ መምህር፦ እኔ ዝምታውን እደግፋለሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጣራ ነበር፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዝምድና ብቻ አልነበረም። «ቁምጥና አለባቸው» ተብሎ ሴት ልጆቹ ሁሉ ሳይዳሩ የቀሩበት ቤት አውቃለሁ። ቁምጥና ደግሞ ከባክቴሪያ እንጂ ከዘር አይመጣም! ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ምሳሌዎ ለእኔ መሰከረልኝ። ያንን ቤት ያጠፋው ሐሜት ነው። ሐሜት ቤቱን በሙሉ ይፈርዳል፤ ምርመራ ግን እኅትማማቾቹን አንድ በአንድ ይለያል። የሀንቲንግተን ዘረመል (ጂን) በ1993 ከተገኘ ወዲህ «አለብሽ» ወይም «ነጻ ነሽ» ማለት ተችሏል።

ከአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፦ እናቴ የመርሳት በሽታ ይዟታል። እኔም እንደዚያች ልጅ ግማሽ በግማሽ ነኝ ማለት ነው?

ነርሷ፦ አይደለህም ወንድሜ። አልዛይመር የሚባለው ዋናው የመርሳት በሽታ በአንድ ዘረመል ብቻ በቀጥታ የሚወረሰው በጣም ጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ገና በጉልምስና የሚጀምር ነው። ኤፖኢ4 የሚሉት የዘረመል ዓይነት አደጋውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይደለም። ይዘውት ሳይታመሙ የሚያረጁ አሉ።

የሕግ ሰው፦ ለመመርመር ካሰብክ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። የአሜሪካው የ2008 ሕግ በዘረመል ውጤት ምክንያት ቀጣሪና የጤና መድን እንዳያገልሉህ ይከለክላል። የሕይወት መድን አልተካተተም።

የሕክምና ተማሪ፦ እኅቴ ነርሷ አንድ ነገር ዘለለች። ሀንቲንግተን ፈውስ የለውም፤ ወላጃቸው ታሞ አደጋው እንዳለባቸው ከሚያውቁት ውስጥ አብዛኞቹ አይመረመሩም። አለማወቅም መብት ነው። ልጅቷን ጠርቶ «የምነግርሽ ነገር አለ፣ መስማት ትፈልጊያለሽ?» ማለት ራሱ መንገር ነው። ደግሞ የልጅ ልጅ ተመርምሮ ቢገኝበት፣ መሐል ላይ ያለችው እናት ሳትጠየቅ ተነገራት ማለት ነው።

ነርሷ፦ ይህ ይከብደኛል፤ አልክድም። ግን ያቀረብከው መብት ምርጫ ነው፤ እነዚያ ሰዎች እያወቁ ነው የተዉት። ያ በ2010 የተወለደ ሕፃን እንኳ ምልክት ካላሳየ 18 ዓመት ሳይሞላው አይመረመርም፤ ሲሞላው ራሱ እንዲወስን ይጠበቃል። እናቱን ግን ማን ጠየቃት?