ጥቆማ፦ ለካንሰር ሕመምተኛ እናት አኩፓንክቸር ከፒያሳ የት ይሻላል?

የፒያሳዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ የጡት ካንሰር አጥንቷ ላይ ደርሷል፤ የምትታከመው ጥቁር አንበሳ ነው። ወገቧን በጣም ያማታል፤ ኬሞ በወሰደች ማግስት ደግሞ ምግብ ሲሸታት እንኳ ያቅለሸልሻታል። የመርፌ ሕክምና (አኩፓንክቸር) ይረዳል ሲሉ ሰምቼ ነው። የሞከረ ካለ በናታችሁ ጠቁሙኝ።

አስታማሚ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው። አክስቴን በተመሳሳይ ሕመም ሁለት ዓመት አስታምሜያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ። አኩፓንክቸር ዕጢውን አያቀንስም። «ካንሰሩን በመርፌ እናድናለን» የሚልሽ ካለ እናትሽን ይዘሽ ውጪ። የሚያግዘው ሕመምና ማቅለሽለሽ ለማስታገስ ነው፣ እሱም ከመድኃኒቱ ጎን እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም።

ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ቡድን ስላለ የመርፌ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪሞቹን ወድጃቸዋለሁ፣ የከበደን መንገዱ ነው፤ ሆስፒታሉ ያለው አቃቂ ቃሊቲ ነው። አክስቴ አራት ጊዜ ሄደች። በሦስቱ ሌሊቱን ደህና ተኛች። በአራተኛው ግን መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀመጥን፤ አጥንቱ የተጎዳ ሰው በየጉድጓዱ ሲነጥር ምን እንደሚሰማው አንቺ ታውቂዋለሽ። ያገኘችው እፎይታ ቤት ሳንደርስ አለቀ።

ከዚያ መሃል ከተማ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ሞከርን። ቅርብ ነው፣ መርፌውም ፊታችን ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ነበር። ግን የደም ውጤት የጠየቀን ሰው የለም። በዚያ ሳምንት ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ወርዶ ነበርና ክንዷ በልዞ ሳምንት ሙሉ ቆየ። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ የትም ብትሄዱ የቅርብ ቀን ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ ውጤት) ይዛችሁ፣ የካንሰር ሐኪማቸውን አስፈቅዳችሁ ሂዱ። ፕላትሌት ሲወርድ ይደማል፣ ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ደግሞ ኢንፌክሽን ያሰጋል። ብብታቸው ሥር ያለው ንፍፊት በቀዶ ጥገና ወጥቶ ከሆነ በዚያ በኩል ያለው ክንድ አይወጋ። ዕጢው ያለበት ቦታና የተጎዳው አከርካሪም እንዲሁ።

እኛን ያሳረፈን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ካንሰራቸው በተስፋፋ 298 ሰዎች ላይ አኩፓንክቸርንና ማሳጅን አነጻጽሯል። በ26 ሳምንት ሁለቱም ሕመም ቀንሰዋል፤ አንዱ ከሌላው አልበለጠም። ሁለቱንም ያላገኘ ሦስተኛ ቡድን ስላልነበረ ምን ያህሉ የሕክምናው ውጤት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቢሆንም ለእኔ በቂ ነበር፤ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ቤት እያስመጣን እግሯንና ትከሻዋን በቀስታ ያሽላት ጀመር፣ አከርካሪዋን ሳይነካ። ለእናትሽም ከሁሉ በፊት የምመርጠው ይሄንን ነው።

ከባድ ሕመም ያለባቸውን የሚያስታግሰውን ድርጅት፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያንም ጠይቂ። ነርሶቹ ቤት ድረስ መጥተው ያያሉ። እኛ ሞርፊን (ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ) ሲባል «በቃ መጨረሻዋ ነው» ብለን ፈርተን ብዙ ሌሊት በከንቱ አሰቃየናት። የሚዋጠው ሽሮፕ በሰዓቱ ሲሰጥ እንቅልፍ አገኘች። ሞርፊን ሆድ ያደርቃልና የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝላቸው አትርሺ።

የሳሪስ ልጅ፦
መንገዱ ቅርብ ለሆነለት ሰው ጥሩነሽ ቤጂንግ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። አባቴን በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ሳምንት ወሰድኩት። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ትከሻውን ይቀለው ነበር። ክኒኑን ግን አላቋረጠም።

የፒያሳዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ሲቢሲ አላት፣ ያኔ ሐኪሟን እጠይቃለሁ። ለማቅለሽለሹስ ቤት የሚደረግ ነገር አለ?

አስታማሚ፦
አለ፣ ብርም አያስወጣም። መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉ። ከአንጓቸው መታጠፊያ ወደ ክርናቸው ሦስት ጣት ለኪ፤ እዚያ ከሁለቱ ጅማቶች መሃል በአውራ ጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ጫን አድርጊ። ከዚያ ሌላኛውን እጅ። የቀዶ ጥገናው ወገን ክንድ ካበጠ ግን ተዪው። ማስታወክ ማቆሚያው ክኒን እንዳለ ይቀጥል፤ እኔ ኬሞ ልትወስድ ስትል መኪና ውስጥ እጇን ይዤ እጫንላት ነበር።