ስኳር አለብኝ፣ ማርገዝ እፈልጋለሁ፤ ጽንሱን ይጎዳዋል የሚባለው እውነት ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 31 ዓመቴ ነው። ዓይነት 2 ስኳር ከተገኘብኝ 4 ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚን እወስዳለሁ፣ ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል። እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ ወስነናል። ግን አንዲት ዘመዴ "የእናት ስኳር ልጁን አካሉ እንዲጎድል ያደርጋል" ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የመጨረሻው ኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ወራት የስኳር መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ) 9.1 ነበር። ሐሳቤ መጀመሪያ ላርግዝና ክትትል ስጀምር ስኳሬን አስተካክላለሁ የሚል ነው። ልክ ነኝ?

አዋላጅ ነርስ፦ እህቴ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ስኳሩ ይቅደም፣ እርግዝናው ይከተል። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ያን ጊዜ የወር አበባሽ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ልብም በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ቅርጹን ይይዛል። አንቺ ካርድ አውጥተሽ ክትትል እስክትጀምሪ ዋናው ሥራ አልቋል። እስከዚያው የወሊድ መከላከያሽን አታቋርጪ።

የባዮሎጂ መምህር፦ እንዴት እንደሚጎዳ ልጨምር። ስኳር ከእናት ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። የጽንሱ ቆሽት ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ገና ኢንሱሊን አያመርትም። ስለዚህ የአንቺ ስኳር ሲወጣ የእሱም አብሮ ይወጣል፤ ሴሎቹ ከሚችሉት በላይ ስኳር ሲያቃጥሉ ሴልን የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶች ይጠራቀማሉ፣ ጽንሱም እነሱን የሚያጠፋበት አቅም ገና አልዳበረም። በአይጦች ላይ እንደታየው ቱቦው እንዲዘጋ የሚያስፈልገው ፓክስ3 የሚባለው ጂን ሥራው ይቀንሳል፣ ሴሎች ያለጊዜያቸው ይሞታሉ፣ ቱቦውም ክፍት ይቀራል። ጉዳቱን የሚያመጣው በዚያች ሰዓት ደምሽ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ነው። እሱን ደግሞ ማውረድ ይቻላል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ዓይነት 1 ነኝ። የመጀመሪያውን ሳላስበው ነው ያረገዝኩት፣ ስኳሬም ከፍ ያለ ነበር። ልጄ ልቡ ላይ ቀዳዳ ይዞ ተወለደ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ አሁን ደህና ነው፣ ግን ያን ጊዜ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ አሁንም ያንገበግበኛል። ለሁለተኛዋ 8 ወር ሙሉ ጠብቄ ኤችቢኤዋንሲዬ 6.3 ሲደርስ ነው መከላከያ ያቆምኩት። ጤነኛ ሆና ተወለደች። አንድ ነገር ልብ በይ፣ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ሌሊት ስኳር ሊወርድ ይችላል። ባለቤትሽ ምልክቱን ይወቅ፣ ራስጌሽም ጣፋጭ ነገር አይጥፋ።

ሌላ አባል፦ አስፈራችሁኝ! እኔ በ26ኛው ሳምንት ነው ስኳር የተገኘብኝ። የኔም ልጅ አካሉ ይጎድላል?

አዋላጅ ነርስ፦ አይዞሽ፣ ያንቺ ሌላ ነው። በእርግዝና የሚመጣው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአካል ክፍሎች ከተሠሩ በኋላ ነው። እዚያ የሚያሳስበን ልጁ ከመጠን በላይ መወፈሩና እንደተወለደ ስኳሩ መውረዱ ነው። ብቻ ከእርግዝናው በፊት ሳይታወቅ የቆየ ስኳር እንዳይሆን ሐኪምሽ ያጣራልሽ።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ኤችቢኤዋንሲሽ ከ6.5 በታች ቢወርድ ጥሩ ነው። እዚያ ባትደርሺም የቀነሰው ሁሉ ይጠቅማል፤ ከ10 በላይ ከሆነ ግን ጨርሶ አይመከርም። ኢናላፕሪል ለጽንስ አይሆንም፣ ግን ግፊትሽ እንዳይነሳ በራስሽ አታቁሚው፣ ሐኪም ይቀይርልሽ። ፎሊክ አሲድም ከመፀነስሽ በፊት ትጀምሪያለሽ። ስኳር ላለባት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከፍ ያለው፣ 5 ሚሊግራሙ ነው። ዓይንሽንና ኩላሊትሽን ተመርመሪ። ስታረግዢ ደግሞ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ የልጁን ልብ በደንብ የሚያሳይ አልትራሳውንድ ጠይቂ። ስኳር ያለባቸው እናቶች አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ፣ ይህንንም አትርሺ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱም እንጠብቅ አለ። ለሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ኤችቢኤዋንሲውን በየስንት ጊዜ ላሠራ?

አዋላጅ ነርስ፦ ለእርግዝና ስትዘጋጂ በየወሩ ቢታይ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት ስለሚናገር ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሰኞ ስትሄጂ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘሽ ሂጂ።