ቲማቲም ወደ ጅቡቲ፦ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና እንከራይ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ሐረማያ አካባቢ ባለ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አንድ ላይ ጭነን በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ እንልካለን። ጎመኑ ደህና ይደርሳል። ቲማቲሙ ግን የታችኛው ፈርጦ፣ ውሃው ወርዶ፣ የላይኛውንም አበላሽቶ ነው የሚራገፈው። ተቀባዩ የተበላሸውን ከሒሳብ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ ነው። አሁን በናፍጣ የሚቀዘቅዝ መኪና እንከራይ የሚል ሐሳብ መጥቷል፤ ኪራዩ ከባድ ነው፣ ጭሱም አለ። ነዳጅ ሳናቃጥል የሚሆን ነገር ካለ ንገሩኝ።

የጓሮ ሰው፦
በምንድን ነው የምትጭኑት?

ጠያቂ፦
በእንጨት ሣጥን። ጥልቅ ነው፣ እስከ አፉ ሞልተን እንደራርበዋለን።

የጓሮ ሰው፦
በቃ ችግሩ እሱ ነው ወንድሜ። የተጨፈለቀ ቲማቲም ቢቀዘቅዝም አይድንም። ጥልቀቱ ያነሰ፣ ጎኑ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ግዙ። ከአፉ ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሲደራረብ ክብደቱን የሚሸከመው ሣጥኑ ይሁን እንጂ ቲማቲሙ አይሁን። ለቀማው በማለዳ ይሁን፣ የተለቀመውም ፀሐይ ላይ አይዋል። ለመንገድ የሚሆነው ገና ቀላ ማለት የጀመረው ነው። ደም የመሰለውን እዚያው ሽጡት።

አቀዝቃዥ፦
እኔ የምጨምረው፣ መኪናውን ብትከራዩም ሁለቱን አንድ ላይ ከጫናችሁ ገንዘባችሁን ነው የምታባክኑት። ቲማቲም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከዚያ በታች ብዙ ከቆየ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ያልበሰለውም በደንብ አይቀላም። ጎመን ደግሞ 0 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈልገው። በዚያ ላይ ቲማቲም ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ ጎመኑን ያስቢጫል። እስኪጫን ለማቆያ ግድግዳው ድርብ የሆነ የጡብ ክፍል ሥሩ፤ በሁለቱ ግድግዳ መካከል አሸዋ ሙሉና ውሃ አጠጡት፤ ውሃው ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይወጣል፣ መብራትም ናፍጣም አይጠይቅም። ይህ ግን ደረቅ አየር ይፈልጋል። እናንተ ጋ በበጋ ይሠራል፣ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ግን እርጥበቱ ስለሚበዛ እዚያ አትድከሙ። ጭነቱን ማታ አስነሡት።

የጉምሩክ ልጅ፦
ወረቀቱንም አትርሱ፤ ድንበር ላይ ፀሐይ ላይ የሚቆም መኪና የደከማችሁበትን ሁሉ ያጠፋዋል። ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት፣ የሥሪት አገር ማረጋገጫ (ምርቱ ከየት አገር እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት) እና የባንክ የወጪ ንግድ ፈቃድ ሳይጫን በፊት ያልቁ። የአፍሪካ አገራት እርስ በርስ ቀረጥ በሚቀናነሱበት በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ንግድ የተጀመረው ጥር 2021 እ.ኤ.አ. ነው። እዚሁ የበቀለና የተለቀመ አትክልት ያለ ክርክር የአገር ውስጥ ምርት ተብሎ ይቆጠራል፤ ቀረጡ ስንት እንደሚቀንስ ግን እንደየምርቱ ስለሚለያይ ተቀባያችሁ የጅቡቲን ጉምሩክ አስቀድሞ ይጠይቅ። ምርታችሁ ሲበዛ ባቡሩን አስቡት። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ የእኛ መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውሃ ነው፣ ድሬዳዋም ቅርባችሁ ነው። ለብቻችሁ ኮንቴይነር ስለማትሞሉ ከጎረቤት ማኅበራት ጋር ተነጋገሩ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሣጥኑ ጅቡቲ ቢቀርብንስ?

የጓሮ ሰው፦
መኪናው ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ሣጥኑን ይዞ ይምጣ። ለእያንዳንዱ ሣጥን መያዣ ገንዘብ አስይዙ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ። ሲመለስ በበረኪና ውሃ እጠቡት፤ የበሰበሰ ቲማቲም የነካው ሣጥን አዲሱንም ያበላሻል።